ጎምዛዛውና ወንድም ጋሼ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

በታላቅነትህ ለምፈራህ፣ በአንደበትህ ለምታስቀኝ፣ አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱን በትከሻህ ለያዝክልን ለትልቁ ወንድሜ። ይህ ወረቀት ሲደርስህ እጅህን ታጥበህ፣ ወንበር ስበህ፣ ረጋ ብለህ እንድታነበው እለምንሃለሁ። ጊዜ የለኝም ካልክም ኪስህ ውስጥ ይቆይ፤ ደንበኛ የጠፋ ዕለት ታነበዋለህ።

ከሁሉ አስቀድሞ ወገብህ እንዴት ነው? ከመኪና ሥር ስትወጣ አሁንም በሩን ተደግፈህ ነው የምትነሣው? ሐኪሙ ያዘዘልህን እንቅስቃሴ ጀመርክ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ሳሉስ ለቀቀህ? የጋራዡ ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ ወይስ ዛሬም ለደንበኛ «እጥበቱ በነፃ ነው» ትላለህ? እማዬ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? መነጽሩን ታደርገዋለች ወይስ አሁንም እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው ከሣጥን የምታወጣው? ባለቤትህ እታለምስ እንዴት ናት? ልጆችህስ? ትልቋ፣ ቀበጧ፣ ትምህርት እንዴት ይዟታል? ትንሿስ የወለቀው ጥርሷ ተተካላት?

እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ለቆኛል። ክፍሌ ያው የምታውቃት ናት፤ አልጋውን አልፎ መስኮቱን ለመክፈት በጎን መሄድ ያስፈልጋል። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክማ አንተን ማግኘት ቀርቷል፣ ወንድም ጋሼ። ባለፈው ስደውል እማዬ «እጁ ግራሶ ነው» አለችኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ «ተኝቷል» አለችኝ፤ ከኋላዋ ግን ከጋራዡ መዶሻ ቋ ቋ ሲል ይሰማኛል። ተኝቶ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። አጥብቄ ብጠይቃት መደበቁ አልሆነላትምና እውነቱን አወጣችው። ቀበጧ ካርቱን ስታይ «አባዬ ቴሌቪዥን ውስጥ ገባ» ብላ ቤቱን ሁሉ ጠራች አሉ። አንተም መጥተህ በር ላይ ቆመህ ትንሽ አዳመጥክና ወጣህ። ከዚያ ወሬው ጋራዡ ደረሰ። ታክሲ ነጂዎቹ ሲገቡ «ጎምዛዛው፣ እንዴት አደርክ?» ማለት ጀመሩ። አንተም ለእማዬ «ወንድሜ ለመሳቂያ ሸጠኝ» አልካት።

እማዬ ይህን ስትነግረኝ እንደ ቀላል ነገር አድርጋ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን ስልኩን እንደዘጋሁ ወረቀትና እስክርቢቶ አወጣሁ። አንተ ተቆጥተህ የተናገርከውን መቻል ለምጃለሁ፤ ቁጣህ ሳቅ አለበት። ይህቺ ግን ሳቅ የላትም። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረና የት እንደደረሰ ከሥሩ ልንገርህ። ከሰማህ በኋላ ፍረድ።

እንደምታውቀው የምሠራው ሶፋ ቤት ነው። ያረጀ ሶፋ ይመጣል፣ ጨርቁን እንገፍፋለን፣ የበሰበሰውን ስፖንጅ እናወጣለን፣ የተናጋ እግሩን እናጠብቃለን፣ አዲስ እናለብሰዋለን። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ አስጭና መጣች። ድመት ቧጭሮት ክሩ ተንጠልጥሏል፣ አንዱ እግሩ ጠፍቶ በጡብ ነው የቆመው። አለቃችን አዲስ አስመስለን እንመልስልሻለን እያለ ሲምልላት፣ እኔ ከበስተኋላ ሆኜ ለሥራ ባልደረባዬ አንተ አሮጌ መኪና ሲጎተትልህ የምትለውን በአንተው ድምፅ አልኩለት፤ «ይሄ ጥገና አይደለም የሚፈልገው፣ ዕረፍት ነው። ቤተሰቡ ተሰናብቶት ነው ያመጣችሁት?»

ባልደረባዬ በሳቅ ስፖንጁ ላይ ተደፋ። ሴትዮዋም ሰምታኛለች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። እሷ ግን ቀርባ «እስቲ ድገመው» አለችኝ። እኔ እምቢ ስል አለቃዬ በዓይኑ ገላመጠኝ፤ ደገምኩት። አገጯን ይዛ አዳመጠችና «ሶፋው ይቆይ። አንተ ግን ከሥራ ስትወጣ እኛ ጋ ብቅ በል» ብላ የምትሠራበትን ቦታ ነገረችኝ።

ለካ የምትሠራው የውጭ አገር ፊልም በየቋንቋው እያናገሩ፣ በተዋናዮቹ ፋንታ ድምፅ እየሰጡ፣ ለልጆች ቻናል የሚሰጡበት ቤት ኖሯል። የእኛን ቋንቋ ክፍል የምትመራው እሷ ናት፤ እኛ ዳይሬክተሯ እንላታለን። ስቱዲዮው ከአንድ መኪና ማጠቢያ ጀርባ ያለ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው። ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ ለብሷል፤ የገባሁ ዕለት ሥራ ቦታዬ የተመለስኩ መሰለኝ። ማጠቢያው ውኃ ሲለቅ ድምፁ ስለሚገባብን ቀረጻ እናቆማለን፤ መኪናው ታጥቦ እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጠን እንጠብቃለን።

ፊልሙ የጃፓን ተከታታይ ካርቱን ነው። ቀበጧ ነግራህ ይሆናል፣ ግን የእሷን አነጋገር ስለማውቀው እኔ በቅጡ ልንገርህ። ነፋስ የጠፋበት አገር አለ። ጀልባ አይሄድም፣ ወፍጮ አይዞርም፣ የተሰጣ ልብስ አይደርቅም፣ ጭስ ከቤት አይወጣም። ነፋሱን አንድ ዘንዶ ውጦት ተራራ ጫፍ ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። አንዲት እናት አባት የሌላት ልጅ ዘንዶውን ቀስቅሳ ነፋሱን እለምነዋለሁ ብላ ትነሣለች። መንገድ የሚያሳያት ደግሞ አንድ የቀድሞ ወታደር ነው። ዋናው ባለታሪክ እሱ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ እንኳ ጥግ ላይ ነው ያለው፣ ግማሽ ፊቱ ተቆርጧል። ይህ ሰው በንጉሡ አያምንም፣ በአስማቱ አያምንም፣ በጠቢባኑ ምክር አያምንም። ዘንዶ የሚባል ነገር የለም እያለ ነው ዘንዶው ድረስ የሚወስዳት። እኛ ስቱዲዮ ውስጥ ስሙን ትተን ጎምዛዛው እንለዋለን።

ከእኔ በፊት ሊያናግረው የተመረጠው ሰው ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ዳይሬክተሯ የተቸገረችው ለዚያ ነው። ማይኩ ፊት አቆመችኝ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ፣ ሥዕሉ መጣ። እኔም የተዋናይ ወግ ልያዝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ እንደ ዜና አንባቢ አንባረቅኩት። እሷ አቋረጠችኝና «ሶፋውን የሰደበው ሰውዬ ዛሬ አልመጣም?» አለች። ያን ጊዜ ነው አንተን የጠራሁህ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ጋራዡ በር ላይ በጎማው ላይ ተቀምጠህ ታየኸኝ፣ በአፍንጫህ አየር ሳብ አደረግክ፣ «አይ እንግዲህ» አልክ። እኔም አልኩ። የቀረው በራሱ መጣ።

ልጅቷ «አገራችንን እናድናለን» ስትል እሱ «መጀመሪያ የጫማሽን ክር እሠሪ» ይላታል። ጠቢቡ ሽማግሌ በሰባተኛው ተራራ ላይ ተአምር ይጠብቃችኋል ሲል እሱ «ሲመጣ ቀስቅሱኝ» ብሎ ይተኛል። እሳት የሚተፋ አውሬ ሰፈራቸውን ሲያቃጥለው «ዛሬስ ብርድ የለም» ይላል። ቃሉ የፊልሙ ነው፣ እኔ አልጨመርኩም። አባባሉ ግን የአንተ ነው፤ ያቺ ከመናገርህ በፊት የምትቆያት ትንሽ ዝምታ፣ ያ የቃሉን መጨረሻ መጣል፣ እንደ ሰለቸው ሰው። በጃፓንኛው የሚናገረው ሰው ድምፅ ሌላ ነው፣ ቀጭንና ቀዝቃዛ ነው፤ ዳይሬክተሯ ግን የእኛ ልጆች እንዲህ ያለውን ሰው የሚያውቁት በሌላ ድምፅ ነው ብላ ተወችኝ።

ልጅቷን የምታናግረው የጥርስ ሐኪም ቤት ነርስ ናት። የልጆች እናት ናት፣ ከእኔ በቁመት ትበልጣለች፤ አፏን ስትከፍት ግን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትወጣለች። ልዕልቷ እያልን እንጠራታለን። ከእሷ ጋር ነው ጎን ለጎን ቆመን የምንቀረጸው። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ስናገር ሳቋ እያመለጣት ስንቱን አበላሽተናል። ኋላ ግን ለመደችኝና የልጅቷን ንግግር ለእኔ መልስ እያደረገች ትናገር ጀመር፤ ወንድሟን እንደምትነዘንዝ እህት።

ጎምዛዛው ባልተጠበቀ ሁኔታ ተወደደ። ማስታወቂያው ላይ ፊቱ የተቆረጠው ሰውዬ ከልጅቷም ከዘንዶውም በላይ ልጆች የሚጠይቁት ሆነ። አንዲት እናት ወደ ቻናሉ ጽፋ ልጇ ካፖርት የሚለብሰው በጎምዛዛው ድምፅ ከታዘዘ ብቻ ነው አለች፤ ዳይሬክተሯም «ብርዱ ለእኔ ምኔ ነው፣ ልበስ አትልበስ የራስህ ጉዳይ» የምትል አጭር ድምፅ አስቀድታኝ ላከችላት። ይለብሳል አሉ። እዚህ የመሳቂያ ጉዳይ ላይ ነው እንግዲህ ልብህ የተሰበረው። እውነት ነው ሰው ይስቃል። ግን ማን በማን እንደሚስቅ ልንገርህ። ልጆቹ የሚስቁት በንጉሡ ነው፣ በውሸታሙ ጠቢብ ነው፣ ተስፋ ሰጥቶ በሚጠፋው ሁሉ ነው። ጎምዛዛው ሲናገር አብረውት ነው የሚስቁት። አንተ ያየኸው የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ብቻ ስለሆነ ሰውዬው ከነገር ማጣመም በቀር ሥራ የሌለው መስሎህ ከሆነ አልፈርድብህም። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

መሐል ላይ አንድ ክፍል አለ። ዝናብ ይዟቸው ዋሻ ውስጥ ተቀምጠው ልጅቷ ለምን በምንም እንደማያምን ትጠይቀዋለች። እሱም በወጣትነቱ ንጉሡ ጠባቂዬ አደርግሃለሁ ብሎት፣ የወታደር ልብሱን አሳጥቦ፣ በየቀኑ ከቤተ መንግሥቱ በር ላይ ሲቆም እንደከረመ ይነግራታል። በሩ አልተከፈተም። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሰው አልሞተበትም፣ ጦር አልተሸነፈም። ስክሪፕቱን ሳነበው ከገጹ ቀና አልኩ፣ ወንድም ጋሼ። በራችን ላይ ተሰቅሎ የነበረው ነጩ ሸሚዝህ ነው የታየኝ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። ፋብሪካው ቴክኒሻን አድርጎ ይወስድሃል ተብሎ፣ እማዬ በየማታው እየተኮሰች ስትሰቅለው፣ አንተ ጠዋት ለብሰኸው ወጥተህ ከሰዓት ስትመለስ አስታውሳለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ያንኑ ሸሚዝ ጋራዡ ውስጥ የዘይት መጥረጊያ ሆኖ አየሁት። ጠይቄህ «ጥሩ ጥጥ ነው፣ ዘይት ይይዛል» አልከኝ። እኔም ሕፃን ነኝና የጥጡ ነገር እውነት መሰለኝ።

ያን ክፍል ስንቀርጽ ማንንም ላስቅ ብዬ አልተናገርኩም። ልዕልቷም አልሳቀችም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወደ መጨረሻ አካባቢ የንጉሡ ወታደሮች ልጅቷን ለመያዝ ይደርሱባቸዋል። አንድ የገመድ ድልድይ አለ። እሷ ተሻግራ ወደ ተራራው እንድትወጣ ጎምዛዛው ድልድዩ አፍ ላይ ሰይፉን መዝዞ ይቆማል። እሷ ደግሞ ካለ አንተ አልሄድም ብላ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ እንዲህ ይላታል፤ «በምንም አምኜ አላውቅም። በአንቺ አመንኩ። ሂጂ።» ይህቺን ብቻ። ከወር በፊት ነው የቀረጽናት።

ልትወጣልኝ አልቻለችም። አንድ ጊዜ ስላት ሬዲዮ ላይ እንደሚያለቅስ ሰውዬ ሆነች፣ ሌላ ጊዜ ስላት እንደ ፖለቲከኛ። በራሴ ድምፅ እንኳ ቢሆን ይሻላል፤ በአንተ ድምፅ ስሞክራት ከመሐል አቋርጣታለሁ። በዚህ መሐል ማጠቢያው ውኃ ለቀቀና ቀረጻው ቆመ። ዳይሬክተሯ ከመስታወቱ ወዲያ ወጥታ እኛ ወዳለንበት ገባችና መሬቱ ላይ ተቀመጠች። «ይሄ ድምፅ የማን ነው?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። የወንድሜ ነው አልኳት። «እሱ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር እንዴት ነው የሚለው?» አለች። አይልም አልኳት። «በጭራሽ?» ስትለኝ በጭራሽ ብዬ ልመልስ አፌን ከከፈትኩ በኋላ የአውቶቡሱ ነገር መጣብኝ።

ወደዚህ ከተማ ልመጣ ስነሣ የነበረውን ሳምንት ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። «ሂድ፣ ወር አትቆይም፣ አልጋህን ከቦታው አላነሣውም» እያልክ ስታሾፍብኝ ሰነበትክ። ሻንጣዬ ጎማው ተሰብሮ ስጎትተው አይተህ «ይሄማ ከአንተ ቀድሞ ነው የሚመለሰው» አልክ። ጠዋት ስነሣ ሻንጣው አዲስ ጎማ ተገጥሞለታል። የት እንዳገኘኸው ያወቅኩት ልሰናበትህ ጋራዥ ስገባ ነው። መኪና ሥር ስትገባ የምትተኛበት ጋሪ ጎማ አልባ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር፤ አንተ ካርቶን ዘርግተህ ተኝተህበታል።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኸኝ። አላቀፍከኝም። ትከሻዬን በመዳፍህ መታ አደረግክና «በል ግባ፣ አታስቸግር» ብለህ ወደ ሹፌሩ መስኮት ሄድክ። ጀርባህን ለእኔ ሰጥተህ ነበር፤ የአውቶቡሱ መስኮቶች ደግሞ በሙሉ ክፍት ነበሩ። ሹፌሩን እንዲህ ስትለው ሰማሁ፤ «ያ ከኋላ የገባው ቀጭኑ ወንድሜ ነው። መኪና ያመዋል፣ ከፊት አስቀምጥልኝ። እኔ በሰው እምነት የለኝም፣ በዚህ ልጅ ግን አለኝ። በፍሬንህ የለኝም፤ ቀስ ብለህ ንዳ።» ሹፌሩ ሳቀ። አንተ አልሳቅክም። ከዚያ ዞር ሳትል ሄድክ። መስማቴን እስከዛሬ ነግሬህ አላውቅም።

ይህን ለዳይሬክተሯ ነገርኳት። ልዕልቷም ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማለች። ውኃው ሲቆም ዳይሬክተሯ ተነሥታ ልብሷን አራገፈችና «እንግዲያው ለልጅቷ አትንገራት። ለሹፌሩ ንገረው» አለችኝ።

ሥዕሉን መልሳ አመጣችው። ያን ጊዜ ነው ያላየሁትን ያየሁት፤ ጎምዛዛው ለካ ጀርባውን ለልጅቷ ሰጥቶ ነው የቆመው፣ ፊቱ ወደሚመጡት ወታደሮች ነው። እኔም ልዕልቷን ጀርባ ሰጠኋት። ለሚመጣው ጭፍራ፣ ለአንድ ለማላውቀው ሹፌር፣ እየሰለቸኝ፣ ዝቅ አድርጌ ተናገርኩት። በምንም አምኜ አላውቅም። በአንቺ አመንኩ። ሂጂ። ከኋላዬ ልዕልቷ «አልሄድም» ማለት ሲገባት ቃሉ መሐል ላይ ተሰበረባት። እንደገና ልናገረው ብላ ብትለምን ዳይሬክተሯ አልፈቀደችም። እንደተሰበረ ነው ያለው።

ያን ቀን ከስቱዲዮው ወጥቼ መኪና ማጠቢያው ጋ ቆምኩ። አንድ ሰው ጎማ በብሩሽ ይፈትጋል። ብዙ ቆሜ አየሁት፤ ሰውዬው ምን ጠፋብህ ብሎ ጠየቀኝ። በአንተ ድምፅ ፊት ለፊት እንደዚያ ያለ ቃል ተነግሮኝ አያውቅም ነበርና፣ ከራሴ አፍ ቢወጣም የሰማሁት ከአንተ የሰማሁትን ያህል ነው። ለዚህ ነው ሸጠኝ ያልካት ቃል የከበደችኝ። የሸጥኩህ አይመስለኝም። ስትናፍቀኝ የምገባበት ቤት አድርጌሃለሁ።

ግን ድምፁ የአንተ ነው፤ እኔ ሳልጠይቅህ ወስጄዋለሁ፣ ያም እውነት ነው። አሁን የሁለተኛው ዙር ቀረጻ ሊጀመር ነው። ዳይሬክተሯ ጎምዛዛው ከበፊቱ ብዙ እንደሚናገር ነግራኛለች። እኔ ግን ወንድሜ ካልፈቀደ ማይክ ፊት አልቆምም አልኳት። እሷም አልተቆጣችም፤ «እምቢ ካለ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ አልቀየምህም። ብቻ ጠይቀው እንጂ በእሱ ፋንታ አንተ አትመልስ» አለችኝ። ይኸው እየጠየቅኩህ ነው፣ ወንድም ጋሼ። ተወው ካልከኝ ይቀራል። ሶፋ ማልበሱ በቂዬ ነው፤ ሁለተኛም አላነሣውም።

እስከዚህ ያለውን ትናንት ማታ ጽፌ፣ ወረቀቱን አጥፌ፣ ነገ ከሥራ ስወጣ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኑሬው ነበር። ዛሬ ሥራ ቦታ ስፖንጅ እየቆረጥኩ ሳለሁ ከቀበጧ የተቀዳ ድምፅ መጣልኝ። የድልድዩ ክፍል እናንተ ጋ ትናንት ተላልፎ ኖሯል። ቀበጧ ለማንም ሳትናገር ስልኳን ከፍታ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ቀድታለች፤ በዚህ እንዳትቆጣት።

መጀመሪያ የሚሰማው የቴሌቪዥኑ ነው። ጦሩ ይመጣል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እኔ በአንተ ድምፅ ያችን እናገራለሁ። እማዬ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ አወቅኳት። ከዚያ ከበሩ በኩል አንተ፤ «እኔ እንዲህ አላልጎመጉምም» አልክ። እታለም «ታልጎመጉማለህ፣ ዝም ብለህ እይ» አለችህ። ትንሿ ሳቀች። አንተም በአፍንጫህ አየር ሳብ አደረግክ፣ ቆየህ፣ «ሰውዬውስ ሞተ?» ብለህ ጠየቅክ። ቀበጧ በሚቀጥለው ክፍል ነው የሚታወቀው አለችህ። ሳይመጣ ልንገርህ፤ አልሞተም። ሲመለስ የመጀመሪያ ንግግሩ ስለ ጫማው መበስበስ ነው። ለቀበጧ ግን አትንገራት።

እማዬም ቀጠለችና «አሁንም ሸጠኝ ትላለህ?» አለችህ። አንተ የመለስክላትን እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ባልደረባዬ ምን ሆነሃል እያለ ሲጠይቀኝ ስልኩን ሰጠሁት፣ እሱም ሰማ። «ድምፁን ይውሰደው። እኔ ጋ ሆኖ ምን ሠራ? መኪና ሲሰድብ ነው የኖረው» አልክ። ደግሞ «ይሄ ልጅ ግን ይበላል ወይ? ድምፁ ከስቷል» ብለህ ወጣህ። በሩ ሲዘጋ ይሰማል። ከዚያ ቀበጧ ቀረጻውን አቆመችው።

ወረቀቱን ልቅደደው ብዬ ነበር፤ መልሱ ከመጣ ጥያቄው ለምን ይሄዳል ብዬ። ኋላ ግን ተውኩት። የአውቶቡሱን ነገር ማወቅ አለብህ። ያኔ የተናገርከው ለሹፌሩ ቢሆንም የደረሰው ለእኔ ነው፤ እስካሁንም የያዘኝ እሱ ነው። እኔ ደግሞ ሹፌር ስለሌለኝ በቀጥታ እነግርሃለሁ። እወድሃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። እበላለሁም፤ አታስብ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ መነጽሯን ለእኔ ብላ ታድርግ፣ እንግዳ እኔ ነኝ በላት። እታለምን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ «ዝም ብለህ እይ» ያለችውን እዚህ ባልደረባዬም ወዶላታል። ቀበጧን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ ቀረጻዋ ጥሩ ነው፣ ስልኩን ግን ትንሽ ወደ በሩ ብታስጠጋው ይሻል ነበር በላት። ትንሿን ሳቋን ሰምቻለሁ በላት፤ ጥርሱ ካልበቀለም በዚያው ትሳቅ። ጋራዡን የሚያዘወትሩትን ታክሲ ነጂዎች በሙሉ ሰላም በልልኝ፤ ጎምዛዛው ሲሉህ ከፈለግክ መልስላቸው፣ ካልፈለግክ መኪናቸውን አቆይባቸው።

እሑድ ከሰዓት እደውላለሁ። ስልኩን አንተ አንሣው።

ናፋቂ ታናሽ ወንድምህ

ከሶፋ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣
ሚያዝያ ፳፩ ቀን፣ ረቡዕ ምሽት